በካራቫኑ የተቆለፉት ቋሚዎች

ሰሞኑን ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ይሰፋል ተብሎ፣ ከሱቄ ጓሮ የቆመውን ካራቫን እንዳነሣ ወረቀት ደረሰኝ። ማንሣቱ አልከበደኝም። ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፣ ጣራው ወንፊት ሆኗል፣ ዶሮ እንኳ ንቃው ከውጭ ታድራለች። ቁራጭ ብረት የሚገዙ ሁለት ጎረምሶች ከባሕር ዳር አስመጣሁና በሩን ከፈትሁላቸው። ያን ጊዜ ሽታው ወጣ። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሸራ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ዝገት፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ የሩዝ ገለፈት ብናኝ። አፍንጫ ሰውን ሳያስፈቅድ ነው ወደ ኋላ የሚጎትተው። እጄን መዝጊያው ላይ እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

“አባቴ፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ አንደኛው።

“የለም፣ ድሮ ትዝ ብሎኝ ነው።”

“ድሮ የትም አይሄድም፣ በኋላ ይደርሱበታል፤ እኛ ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ባሕር ዳር መግባት አለብን” አለኝ። ልጁ ነጋዴ ይወጣዋል።

ውስጥ የተጋደሙትን ረጃጅም የድንኳን ቋሚዎች ሊጎትቱ እጃቸውን ሲሰዱ ግን “እነሱን አትንኩ” አልኋቸው። ሣጥኑን፣ ጣራውን፣ የጎማውን ብረት ሁሉ ጭነው ሄዱ። ቋሚዎቹ ሜዳ ላይ ተደርድረው ቀሩ፣ ቤታቸው ከላያቸው ተነሥቶ።

ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴን የተማርሁት ወረታ ገበያ ነው፤ ከጨው ተራ ገብቼ ከሩዝ ተራ ተመረቅሁ። ስለዚህ እኔን የመሰለ ሰው ስለ ድሮ ሲያወራ አንባቢ ኪሱን ዳበስ ቢያደርግ አልቀየምም። የዛሬው ወሬዬ ግን ትርፍ የለበትም።

ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ከተጨመረበት ስሙኒ። ሩዝ ገና “የወፍ ቀለብ” እየተባለ ይሾፍበት ስለ ነበር፣ ጆንያ ሙሉ ይዞ የመጣ የፎገራ ገበሬ የሚሸጠው ተለምኖ ሳይሆን ለምኖ ነው። ጎረምሳው ከላይ ካኪ ኮት፣ ከታች እግሩ ላይ እንደ ጥሩምባ የሰፋ ቴትሮን ሱሪ፣ ከሱሪው በታች ኮንጎ ጫማ ያደርጋል። በክረምት የዋልካው ጭቃ ኮንጎውን ከእግር ላይ መንጭቆ ያስቀረዋል፤ ባለቤቱም በአንድ እግሩ እንደ ሽመላ ቆሞ የጠፋ ጫማውን በእጁ ሲፈልግ ማየት የከተማው ጨዋታ ነበር። ከመገንጠያው ጥግ ያለው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ ነበረው። ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄድና የፍቅር ዘፈኑ ሙሾ ይሆናል። ባለ ሻይ ቤቱ ባትሪውን አውጥቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እኛም ዘፋኙ እስኪደርቅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ የሠርግ ዲኮር የሚያከራዩ ልጆች ሱቅ ከፍተዋል። ወንበሩ ሁሉ ቀሚስ ለብሷል፤ የድንኳናቸው ቋሚ እንደ ሸንበቆ የቀለለ ነጭ ብረት ነው። ሰው ስልክ ይደውላል፣ ድንኳኑ በመኪና ይመጣል። የሞተው የማን ወገን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ እንጠይቅ ነበር።

ካራቫኑን ያመጡት መንገድ ሠሪ ፈረንጆች ናቸው። መሐንዲሳቸው ይተኛበት ነበር። አንድ መንግሥት ሄዶ ሌላ ሲመጣ ሥራቸውን ጥለው ወጡ፤ ካራቫኑም ከጉማራ ድልድይ ወዲህ ዋልካ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ሐራጅ ሲወጣ ተጫራች ጠፋ። “ቤት ከሆነ ጎማ ምን ያደርግለታል? መኪና ከሆነ ሞተሩ የታለ?” አለ ሕዝቡ። እኔ ገዛሁት። ለምን እንደሚሆነኝ አላውቅም፤ ሌላው የናቀውን ዕቃ ሳይ ግን እጄን ይበላኛል። በስድስት ጥማድ በሬ ጎትተን አመጣነው። የፎገራ በሬ ብዙ ቀንበር አይቷል፣ የፈረንጅ መኝታ ቤት ግን ጎትቶ አያውቅም። ሴቶቹ ሙሽራ የምትገባ ይመስል እልልታውን አቀለጡት።

በሩ ዝጎ አልከፈት ስላለኝ ደሳለውን ጠራሁት። ደሳለው ብረት ሠሪ ነበር። የኛ አገር ሰው ግን ብረት ሠሪ አይልም፤ “ቀጥቃጭ” ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማረሻውን እሱ ካልሳለለት ፎገራ አይታረስም፤ ማጭዱን እሱ ካልሠራለት ሩዙ አይታጨድም፤ ያም ሆኖ ደሳለው በበላበት ሳህን የሚበላ አልነበረም። ዓይኑ ይበላል እየተባለ እናቶች ሲያልፍ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ሚስቱ እናና ሸክላ ሠሪ ነበረች። የወረታ ሰው ጠላውን በእናና ጋን ጠምቆ ይጠጣል፤ እናና ቤት ግን ውኃ አይቀምስም። ይህን ሳወራ ልጆቼ “አጋነንህ” ይሉኛል። አላጋነንሁም፤ እንዲያውም ቀንሼላቸው ነው።

ደሳለው በሩን በሁለት ምት ከፈተው። ገባን። አልጋው ሲታጠፍ ግድግዳ ይሆናል፣ ግድግዳው ሲከፈት ቁም ሣጥን ይሆናል፣ የእጅ መታጠቢያው ከአንድ ገበቴ አይበልጥም። ከአልጋው ሥር ረጅም ሣጥን አገኘን። ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ሸራ ወጣ፤ ከሸራው ጋር አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ የሚያጥር፣ ሲጎትቱት የሚረዝም ቀጭን ቋሚ፣ ገመድ፣ ካስማ። ፈረንጁ ከበሩ ፊት ጥላ ዘርግቶ ይቀመጥበት ኖሯል። እኔ ወዲያው የገበያ ቀን ትዝ አለኝ፤ ከሱቄ ፊት ብዘረጋው ፀሐይ የሸሸ ሁሉ ጨው ገዝቶ ይሄዳል። እንዳልሁትም ሆነ። ደሳለው ግን ቋሚውን እየሳበ፣ እየመለሰ፣ ግማሽ ቀን ተቀመጠ።

“ሞላ፣ ይህን ከወፍራም ቱቦ ብሠራው መቶ ሰው ያስጠልላል” አለኝ።

“ቱቦው ከየት ይመጣል?”

“ፈረንጆቹ ጥለውት የሄዱት ክምር አለ አይደል? እንደ ቤታቸው እሱንም ግዛ።”

ያን ጊዜ በከተማችን ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው በቅጠል ዳስ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ክረምት ከሆነ ቅጠሉ ያፈሳል፤ አልቃሹ እንባ ባይኖረው እንኳ ፊቱ ይርሳል። ድንኳን ያለው እድር በአካባቢው አልነበረም። የኛ እድር ዳኛ ጋሼ ፈንታ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጃንጥላቸውን በጋ ከክረምት የማይጥሉ ሰው። ቤታቸው ሄድሁ።

“ድንኳኑን ማን ይሠራዋል?” አሉኝ።

“ደሳለው።”

“ይሥራ።”

“የሥራውን ዋጋ አልቀበልም ብሏል፣ ጋሼ። ስሜን እድሩ ላይ ጻፉልኝ ነው የሚል።”

ጋሼ ፈንታ ጃንጥላቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። “እስቲ መጀመሪያ ይሥራና እናየዋለን” አሉ።

ለደሳለው ስነግረው “እናየዋለን”ን ትቼ “እሺ ብለዋል” አልሁት። ዕቃ እንዲሸጥ ጥቂት ማሳመር ለምዶብኛል።

እድር ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ የዛሬ ልጅ አይገባው ይሆናል። ሲሞትበት ጥሩምባ አይነፋለትም። ድንኳን አይተከልለትም። ከተማው ሱቁን ዘግቶ አይወጣለትም። ደሳለውና እናና ልጆቻቸውን ሲቀብሩ የተከተሏቸው የራሳቸው ወገኖች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ልጅ እንዲያ ቀብረዋል። ደሳለው የፈለገው ገንዘብ አይደለም፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሞትበት ከተማው እንዲመጣለት ነው።

ቱቦውን እኔ ገዛሁ፣ ትልቁን ሸራ እድሩ ገዛ፤ ደሳለው አንድ በጋ ሙሉ ሠራ። ወናፉን ካራቫኑ አጠገብ ተክሎ፣ ቱቦውን እየቆረጠ፣ አፉን እያሰፋ፣ አንዱን ለአንዱ እየለካ። ዐሥራ ስድስት ቋሚ፣ ሁለት ትልልቅ ምሰሶ፣ አግዳሚዎች፣ ካስማ። ፊደል ስላልቆጠረ ቁጥር አልጻፈባቸውም፤ በሞረድ ጥርስ ጥርስ አወጣባቸው። አንድ ጥርስ ካለው ጋር አንድ ጥርስ ያለው፣ ሦስት ካለው ጋር ሦስት፤ ከላይ የተሞረደው ለቀኝ፣ ከታች የተሞረደው ለግራ። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይገጣጥማቸው ነበር። የፎገራ መሬት የተስተካከለ ይመስላል እንጂ አይደለም ብሎ፣ ቋሚዎቹን ሆን ብሎ እኩል አላደረጋቸውም፤ ረጅሙ ለዝቅታው፣ አጭሩ ለከፍታው። እኔ አላስተዋልሁም። የእድሩም ሰው አላስተዋለም። እሱ ሲተክለው ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሁላችንም ቋሚው እኩል መሰለን።

አስቀማመጡንም እሱ ነው ያበጀው። የፈረንጁን አልጋ ፍራሹን ጥሎ ብረቱን መደርደሪያ አደረገው። ቋሚዎቹ በግራ፣ አግዳሚዎቹ በቀኝ፣ ምሰሶዎቹ ወለሉ ላይ መሐል ለመሐል፤ በአራት በአራት ከተቀደደ የመኪና ካላማዳሪ በቆረጠው ላስቲክ ታስረው። ካስማው የፈረንጁ መታጠቢያ ውስጥ፣ ገመዱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንደ ኮት ተሰቅሎ። ሸራው ሳይደርቅ አይገባም፤ ሲገባም መሬት አይነካም፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ይጋደማል። ክረምት ሊገባ ሲል ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በተቃጠለ ዘይት ያሻቸዋል። አንድ ቀን ቸኩዬ አንዱን ቋሚ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ብሄድ ከሱቄ ድረስ መጣ።

“ሞላ፣ ብረት ጠምሞ ከከረመ መጥመም ይለምዳል። አስተኛው።”

“እንቅልፍ ካልወሰደው እሹሩሩ ልበለው?”

“አንተ እሹሩሩ ካልኸውማ ሸጠኸው ነው የምትነቃ” አለኝና ሁለታችንም ሳቅን።

መቆለፊያውንም ሠራው። ቁልፉ አንድ ነው፣ እኔ ዘንድ የሚቀመጥ። ግን ቁልፍ ይጠፋል ብሎ አንድ ዘዴ አበጀለት፤ መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ወደ ግራ ሲስቡት ያለ ቁልፍ ይከፈታል። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ድንኳኑ ስም አወጣ። ከይፋግ፣ ከአዲስ ዘመን ሳይቀር እየመጡ አዩት። ጣራ ገዳም ለንግሥ የወጣ ሰው ሲመለስ “የወረታን ድንኳን አይቼ ልለፍ” ይል ነበር። ሠርግ ሲሆን ሸራው ላይ ባለቀለም ወረቀት እንሰቅላለን፣ ሐዘን ሲሆን እናወርዳለን። የሚተክለው ሁልጊዜ ደሳለው ነው። ተክሎ ሲጨርስ መዶሻውን ይዞ ካስማው አጠገብ፣ ከድንኳኑ ውጭ ይቀመጣል። ግባ የሚለው አልነበረም። እሱም አልገባም። እኔ ከውስጥ፣ ከጋሼ ፈንታ ጎን ተቀምጬ፣ በሸራው ሥር እግሩ ይታየኝ ነበር።

“ስሜስ?” ይለኛል አንዳንድ ጊዜ።

“ከፋሲካ በኋላ ነው ያሉ።” ፋሲካ ያልፋል። “ከመስቀል በኋላ።” መስቀልም ያልፋል።

“ያንተ ፋሲካ ጾሙ ረዘመ” ይለኛል። ይስቃል። ሳቁ ያረጋጋኝ ነበር፤ የሚስቅ ሰው ያልተጎዳ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ፈንታን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደግሜ የጠየቅኋቸው። “እኛ ብረቱን አልን እንጂ ሰውየውን መች አልን?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ። የሩዝ መፈልፈያ ልተክል ነበርና መሬቱን የሚመራልኝ የጋሼ ፈንታ ወንድም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

እናና ግን ቤቷ ታበላኝ ነበር። በጓሮ በኩል ነው የምገባ፣ ሰው እንዳያየኝ። “ይግቡ አያ ሞላ፣ የኛ ቤት በር ጠባብ ነው ግን ያሳልፋል” ትለኛለች። የጓያ ሽሮ ትሠራ ነበር፤ አዲስ ሸክላ ላይ ፈልቶ፣ ቃሪያ ተሰንጎበት። እንደሷ ያለ ሽሮ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። በልቼ፣ አፌን ጠርጌ፣ በመጣሁበት ጓሮ እወጣለሁ። ለምን በጓሮ ብላ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ዕቃ ልትሸጥልኝ ስትመጣም ሰው ፊት እንደማታውቀኝ ሆና ትቆማለች። እኔን ከማሳፈር ራሷ ማፈር ትመርጥ ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ነሐሴ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራ ከጣና ጋር አንድ ሆኗል፤ ከብቱ ከፍታ ላይ ተኮልኩሏል፣ ሰው በታንኳ ነው እህሉን የሚያወጣው። ጋሼ ፈንታ ከዝናብ ተጠልለው ሱቄ ውስጥ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ደሳለው መጣ። ማዳበሪያ ከረጢት በራሱ ላይ ደፍቷል። ከደጃፉ ቆመ፣ አልገባም።

“ሞላ፣ እናና ዐረፈች” አለኝ።

ትኩሳት እንደ ያዛት ሰምቼ ነበር። እንዲህ ይቸኩላል ብዬ አላሰብሁም። ጋሼ ፈንታ ጃንጥላቸውን አዩ።

“ድንኳኑን ሙሉ አይደለም” አለ ደሳለው። “አራት ቋሚና ትንሿን የፈረንጅ ሸራ። ሦስት ቀን ብቻ። ሰው ከይፋግ ይመጣል፣ ማረፊያ የለኝም።”

ኮት ለብሻለሁ። ቁልፉ በቀኝ ኪሴ ነው። እጄ ሳላስበው ገብታ ይዛዋለች፤ ጥርሱ መዳፌን ይወጋኛል። ወደ ጋሼ ፈንታ አየሁ። ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ የሚከለክል ሰው ቢያንስ ጥፋቱን ይካፈላል። እሳቸው ግን ጆንያው ላይ የፈሰሰች የሩዝ ፍሬ ይለቅሙ ጀመር።

“ቁልፉን የእድሩ ጸሐፊ ይዞት ደብረ ታቦር ሄዷል” አልሁት። “እግዜር ያጥናህ።”

ደሳለው ወደ ጓሮው አየ። እሱ ከቆመበት ካራቫኑ ይታያል፤ ከኛ ዐሥር እርምጃ አይርቅም። አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ነው። ዓይኑ መቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ አየሁት። ከዚያ ወደኔ ተመለሰ።

“እሺ። እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ከረጢቱን አስተካክሎ ሄደ።

“ደግ አደረግህ” አሉ ጋሼ ፈንታ። “ደንብ ደንብ ነው።”

በሣልስቱ ወደ ደሳለው ቤት ሄድሁ። ከማዶ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ነው ያየሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው በባሕር ዛፍ ላይ ወጥረውታል። ውኃው መሐሉ ላይ እየተጠራቀመ እንደ ላም ጡት ይንጠለጠላል፤ ሁለት ሴቶች በዱላ እየገፉ ያፈስሱታል፤ ሲፈስስ ከዳር ያሉት ላይ ይወርዳል። ከይፋግ የመጡት ወገኖቹ ቆመው ነው የሚያለቅሱ፣ መቀመጫው ጭቃ ነውና። ደሳለው መሐላቸው ቆሟል። በሕይወቴ ከገባሁበት ኪሳራ ሁሉ ያን ያህል የከበደኝ የለም፤ ግን አልገባሁም። በመጣሁበት ተመለስሁ።

መስከረም ሲጠባ ደሳለው መጥቶ ካራቫኑን ክፈትልኝ አለኝ። ከፈትሁለት። ሞረዱንና መዶሻውን ብቻ ወሰደ። ቋሚዎቹን ዞር ብሎም አላያቸውም። በጥቅምት ልጆቹን ይዞ ወደ ይፋግ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ነው ድንኳኑ የማንም እንዳልሆነ የታወቀ። የእድሩ ጎልማሶች ሲተክሉት አንዱ ጥግ ይነሣል፣ ሌላው ይወድቃል። ቋሚው ለምን እኩል እንዳልሆነ የገባው የለም። “ቀጥቃጩ ደግሞበት፣ አፍዝዞት ሄደ” ተባለ። ጥርሱን የሚያነብ ጠፍቶ እንጂ ድግምት የለበትም ብል ማን ሊሰማኝ። አንዱ ብልህ ነኝ ባይ ረጃጅሞቹን በመጋዝ ቆርጦ እኩል አደረጋቸው፤ ከዚያ ወዲያማ ጨርሶ አልቆም አለ። ጋሼ ፈንታ ሲሞቱ ድንኳኑ በሁለተኛው ቀን ቀሳውስቱ ጸሎት ላይ እያሉ ቀስ ብሎ፣ እንደሳቸው ንግግር ቀስ ብሎ፣ ተኛ። ሰዉ ሁሉ በአራት እግሩ ከሸራው ሥር ወጣ። እድሩ ሌላ ድንኳን ገዛ፤ አሮጌው ድንኳን ካራቫኑ ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። እርጥብ እንደ ሆነ ነው ያስገቡት። የሚያደርቀው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ሰሞኑን ሜዳ ላይ ተደርድረው የቀሩት እነዚያ ናቸው። ሦስት ቀን ስወጣም ስገባም አየኋቸው። በአራተኛው ቀን አይሱዙ ተከራየሁና ጭኜ ይፋግ ወረድሁ። ሹፌሩ ወሬኛ ነው፤ “ፋዘር፣ ይህን ዝገት ይፋግ ድረስ የሚገዛዎት ማን ነው?” እያለ እስክንደርስ ጠየቀኝ።

የደሳለው ልጆች ከመንገዱ ዳር የብረት በርና መስኮት ይሠራሉ። ትልቅ ግቢ ነው፣ የብየዳው ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። እሱ አርጅቷል። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መዝጊያ ሲለካ አገኘሁት። ከኔ በፊት ጭነቱን አየ።

“ደህና ነህ ሞላ?” አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

“ደህና። አንተስ?”

“አለሁ።” ወደ መኪናው ቀረበና በአውራ ጣቱ አንዱን ቋሚ ዳበሰ። “ዘይት አልቀባችኋቸውም።”

“አልቀባንም።”

“ይኸን ደግሞ ቆረጣችሁት።” ራሱን ነቀነቀ። “ስንት ትላለህ?”

“ለሽያጭ አይደለም።”

“ነጋዴ ብረት ጭኖ ይፋግ የሚመጣ ለጠበል ነው?” ልጆቹ ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።

“ላንተ ላስረክብ ነው፣ ደሳለው። ያንተ ናቸው።”

“የእድሩ ናቸው እንጂ የኔ ምናቸው ነው?”

“እድሩ ከተዋቸው ቆየ።”

“እንግዲያ ቁራጭ ብረት ናቸው በለኛ” አለና ወደ ልጆቹ ዞረ። “አውርዱት። ለበር ማጠናከሪያ ይሆናል።”

እያንኳኩ አወረዷቸው። እኔ መንገድ ሙሉ ሳዘጋጅ የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ። የወጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ያን ቀን ቁልፉ ኪሴ ነበር።”

“አውቃለሁ” አለ፣ ቀና ሳይል። “እጅህን ከኪስህ ሳታወጣ ነው እግዜር ያጥናህ ያልኸኝ።”

“ታዲያ መቀርቀሪያውን ታውቀዋለህ። ለምን አልከፈትኸውም?”

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው።

“እናና ናት” አለ። “ነፍሷ ሳትወጣ ‘ለድንኳኑ አትጨነቅ፣ ሞላ አለ’ አለችኝ። ስለዚህ መጥቼ ጠየቅሁህ። ከፍቼ ብወስደው የሰጠኸኝ አንተ አትሆንም።”

መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ መዝጊያው ሄደ። ትልቁ ልጁ የመጀመሪያውን ቋሚ ማሽኑ ላይ አጋድሞ መቁረጥ ጀመረ፤ ፍንጣሪው እግሬ ድረስ ይመጣል። አንዲት ወጣት፣ የልጁ ሚስት ትመስለኛለች፣ በርጩማ ይዛ ወጣች። በኔ አጠገብ አልፋ ለሹፌሩ አስቀመጠችለት። ተመልሳ ጠላ በጣሳ፣ ቆሎ በሰፌድ አመጣችለት። “አረፍ ብለህ ጠጣ ወንድሜ፣ መንገደኛ ነህ” አለችው። ለኔ ቁጭ በል ያለኝ የለም። ሂድ ያለኝም የለም። ግቢው መሐል ቆሜ፣ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ሲያጥሩ አየሁ።

“ጨርስና እንሂድ” አልሁት ሹፌሩን።

“ምን አስቸኮለዎት ፋዘር?” አለኝ፣ ጣሳውን በሁለት እጁ እንደያዘ። “እንዲህ ያለ ደግ ሰው ያለበት ቤት ገብቼ አላውቅም።”